በነጩ መሃል ቀይ ሩዝ

ጋሩት፣ ሐሙስ ኦክቶበር 12 ቀን 2017

ለምወድሽ ልጄ ለኤንቲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የታይዋን ብርድ እንዴት ይዞሻል? የምታስታምሚያቸው አዛውንትስ ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እርሻ አላስወርድ ብሎኛል።

ጦሟን ታድራለች ብለሽ ግን አትስጊ። በየደጃፋችን በተሰቀለው የቀርከሃ ዕቃ ውስጥ ለችግረኛ የምንጨምራት እፍኝ ሩዝ፣ ዘንድሮ ለእኔ ደረሰች። ለማን እንደምትደርስ ከሰብሳቢው ከኦዳንግ በቀር ማንም አያውቅም። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አልኩና ተቀበልኩ።

የመንደሩ ሩዝ አንድ ድስት ሲገባ ጉድ ነው! ስለቅም ይሄ የማን ይሆን እላለሁ። ስብርባሪው የዚያች የቆንቋናዋ ኢኮህ መሆን አለበት፣ አላህ ይቅር ይበለኝና። አንድ ቀን ከመሃሉ ቀይ ሩዝ አገኘሁ። ክው አልኩ። ቀይ የሚዘራው አጎትሽ ሳርጃ ብቻ ነው፣ ያውም ባጣላን በአባታችን ኮረብታ ላይ። አባታችን ከሞቱ ወዲህ ቃል ያልተነፈሰኝ ወንድሜ እኔን እያበላ መሆኑን ያውቅ ይሆን? ካወቀስ ምን ማለቱ ነው? ነገሩ እረፍት ነሳኝ፤ ለሳርጃ ነገርከው ወይ ብዬ ኦዳንግን ያዝኩት።

«እትዬ ጁሃኒ፣ ወላሂ ትንፍሽ አላልኩም!» አለ። «ግን እሳቸው እንደ ሰው ሁሉ ነጭ ነበር የሚጨምሩት። ቀዩን ለገበያ ነው የሚያወጡት። የእርስዎ ተራ ከደረሰ ወዲህ ቀይ ጀመሩ። ማን እንደነገራቸው እንጃ።»

ዛሬ ጠዋት ሩዙን ቀቅዬ፣ በሳህን ይዤ እያነከስኩ ወደ ሳርጃ ቤት ወጣሁ። ደጁ ተቀምጦ ነበር። ቆንጥሮ ቀመሰ።

«አልበሰለም» አለኝ።

«ከነጩ ጋር ስለተቀላቀለ ነው።»

«ቀይ ሩዝ ቀድሞ ይዘፈዘፋል። እማዬ ስታደርገው አላየሽም?»

«ረስቼው ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

ወደ ውስጥ ተጣራ፦ «ኧረ ድስት ጣዱ፣ እህቴ መጥታለች!»

እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ኤንቲን። ስንበላ «የልጅሽ ደሞዝ እስኪለቀቅላት እዚሁ ትበያለሽ» አለኝ። አሠሪዎችሽ ደሞዝሽን መያዛቸውን በስልክ የነገርሽው ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እኔም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ለእሱ ማን እንደነገረው አልጠይቅሽም። እጅሽ ይባረክ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። አጎትሽ ሰላም ብሎሻል፤ አንተ ደግሞ በስልክ እያወራሃት ምን በእኔ ሰላምታ ትልካለህ ብዬ ዝም አሰኘሁት።

እናትሽ ጁሃኒ