የሃፊዛ ባሕር ዛፍ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሙባሪክ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሥራውስ፣ የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ናፍቆትህ ግን ፋታ አልሰጠንም። ለዕረፍት መጥቶ የነበረው ጎረቤታችን ሰይዶ ወደዚያ ሊመለስ ስለሆነ ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ በደወልክ ቁጥር እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው።

ደስ የሚለውን ላስቀድም። ታናሻችን ሃፊዛ ወልቂጤ ኮሌጅ ገብታለች፤ ነርስ ልትሆን ነው። ክፍያዋ የወጣው ከባሕር ዛፉ ነው። ሃፊዛ በተወለደች ክረምት አባባ ከጓሮ በታች ችግኝ ተክሎ፣ እናንተን ማስተማር አልቻልኩም፣ ይቺን ግን ይህ ያስተምራታል ብሎን አልነበር? እሱ ከሞተ በኋላ እማዬ አንድ ግንድ አላስነካችም። ለእኔ ሰርግ ድንኳን እንኳ ቋሚው ከጎረቤት ነው የተለመነው፤ እስካሁን ትንሽ ያናድደኛል። ዘንድሮ ዛፉ ስለደረሰ ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም ቆርጦ ወሰደው።

ወንድሜ፣ እንግዲህ የከበደኝን ልንገርህ። እማዬ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለቱም።

የጀመራት አንተ እዚያ ሥራ አጥተህ በተቸገርክበት ዓመት ነው። ሐኪም ዘንድ ስወስዳት፣ የዓይን ግፊት ነው፣ ቶሎ አዲስ አበባ ሄዳ ካልታከመች የጠፋው ብርሃን አይመለስም አለን። ባሕር ዛፉን እንሽጠው ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ ባሌ ራምዚም ለመናት። ገና ለጋ ነው፣ አሁን ከተሸጠ ልጅቷን የትም አያደርሳትም አለች። ለአንተም እንዳንነግርህ አስማለችን። ታውቃታለህ፣ አንዴ እንቢ ካለች አለች ነው። ባለፈው ዒድ በላክኸው ፎቶ ከስተሃል ብላ የተቆጣችህ፣ እኔ በጆሮዋ ነግሬያት ነው።

ሃፊዛ ሕክምናው ለእሷ ሲባል መቅረቱን የሰማችው ዛፉ ሲቆረጥ ነው። የትም አልሄድም፣ እማዬን እየመራሁ እኖራለሁ ብላ ሻንጣዋን ፈታች። እማዬ አልጮኸችባትም። አንቺ ካልተማርሽ ዓይኔ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው አለቻት። ልጅቷ ስታለቅስ አድራ ልብሷን መልሳ አጣጠፈች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሚኒባሱ ሲነሳ እማዬ ወደ ሌላ መኪና ዞራ እጇን ታውለበልብ ነበር። ላዞራት ፈልጌ ተውኳት። ያን ቀን ያለቀስኩት ለሃፊዛ መለየት የመሰላቸው ብዙ ናቸው።

ገንዘብ ላክ ለማለት አይደለም የምጽፈው፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ብሎናል። ሃፊዛም አደራዋን አውቃለች፣ ተግታ ትማራለች። አንተን ግን እማዬ በየቀኑ ታነሳሃለች። እባክህ ፈቃድ ጠይቀህ ና።

ራምዚ በጣም ሰላም ብሎሃል። ሃፊዛ ከወልቂጤ ናፍቆቷን ልካለች። ሕፃኗ ዛህራም ስምህን መጥራት ጀምራለች። እማዬ አላህ ያሰብከውን ያሳካልህ ብላ መርቃሃለች።

ስትመጣ እንደ ልማድህ በር ላይ ቆመህ እስክታይህ አትጠብቅ። አንተ ቀድመህ ተናገር።

እህትህ ፈቲሀ
ቡታጅራ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.