የድንች ማኅተም

ሱሉልታ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ያለ ታሪፍ፣ ቦዲቲ ድረስ ወርዶ በርሽ ላይ ይራገፍልሽ። እንደምን ከርመሻል? ባልሽ እንዴት ነው፣ አሁንም ሲስቅ ያስላል? ልጆቹስ አደጉ? ከቤት ኋላ ያለችው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራች ወይስ እንደ እኔ ቅጠል ብቻ ሆና ቀረች? የእማስ ጉልበት? እኔ ከናፍቆትና ከሱሉልታ ብርድ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በዚህ በስልክ ዘመን ምነው ደብዳቤ ትይኝ ይሆናል። ስልኬ የድንች መጥበሻ ዘይት ውስጥ ገባ። ስናወጣው በሁለቱም በኩል ቀይ ሆኖ፣ ኬቻፕ ብቻ ነበር የጎደለው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ አጵሎስ ነው፣ የታች ሰፈሩ፤ ለእናቱ መድኃኒት ይዞ እየወረደ ነው። ምሳ አብይው እንጂ ስለ እኔ ብዙ አትጠይቂው። ምን እንደሚመልስ አስጠንቼዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ልጅሽ እድገት አገኘ! ከቡራዩው በርገር ቤት ተነስቼ ሱሉልታ ገብቻለሁ። አሁን የምውለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ላይ ሆኜ እንጦጦን ትከሻ ለትከሻ አየዋለሁ። አለቃዬ ኦቦ ጃራ ይባላሉ። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ሲሉኝ «ነጋ» እላለሁ፤ ቋንቋም ጨመርኩ ማለት ነው። በደንብ እበላለሁ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ብርድ ልብስ አለኝ። ስለ እኔ አታስቢ፣ ጉልበትሽን ብቻ ታሺ።

ለእማ እዚህ ይበቃል። «የምወድሽ ልጅሽ» ብለሽ ጨርሺላትና ወረቀቱን እጠፊው። የቀረውን ብቻሽን፣ አቮካዶዋ ሥር ሄደሽ አንብቢ።

ሄድሽ? ቁጭ በይ።

ልጅ ሆኜ በአምልኮ መሃል ሮጬ ገብቼ «ዘማሪው ከአዲስ አበባ መጣ!» ብዬ ምእመኑን ሁሉ አስፋልት ዳር ያሰለፍኩት ትዝ ይልሻል? የመጣው የሲሚንቶ መኪና ነበር። ያን ቀን ክንዴን ቆንጥጠሽ «ይሄ ቀልድህ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል» አልሽኝ። ወደቀ፣ እህት ዓለም። እንዴት እንደወደቀ ልንገርሽ።

በርገር ቤቱ አራት ሠራተኛ ነበረው። እኔ ድንች እልጣለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እጠብሳለሁ። ከድሩ ሥጋውን ይጠብሳል። ጂቱ ታስተናግዳለች፤ የሆለታ ልጅ ናት፣ ምላሷ ከእኔ ቢላ ይስላል። እትዬ ወርቅውሃ ዕቃ ታጥባለች። አንቺን ታክላለች፤ ቁጣዋም ያንቺኑ ይመስላል። ፎጋሪው ብለው ስም ያወጡልኝ እነሱ ናቸው። የእትዬን ሳሙና ደብቄ በቦታው የተላጠ ድንች አስቀምጥላታለሁ፤ እሷም ድንቹን ውሃ ውስጥ ነክራ ማሸት ትጀምርና «አንተ ሰይጣን!» ብላ ጨርቁን ትወረውርብኛለች። እዚህ አገር ቤተሰብ ያልኩት ይህንን ነበር።

የበርገር ቤት ጠላቱ ሁዳዴ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ገጠመና ከድሩ እንኳ ፆመኛ ሆኖ አረፈው። በቡራዩ በርገር መብላት የሚፈቀድለት ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ፤ እኔ ደግሞ ዋጋውን አልችለውም። ባለቤቱ ጋሽ አሥራት ሰብስበውን፣ ፆሙ እስኪወጣ ደመወዛችን ግማሽ ነው፣ ያልተስማማው ይሂድ አሉ። ግማሽ የሆነው የምን ነው? የእኔ ሙሉው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ነበር፤ የእትዬ ሦስት ሺህ።

በዚያው ሰሞን ጂቱ ከሬዲዮ ሰምታ መጣችና መንግሥት እንደ እኛ ላለው ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሊያወጣ ነው፣ እየተመከረበት ነው አለችን። እኔም ወለሉን ተዪው፣ እኛ ያለነው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ በፊት መሰላል ይላኩልን አልኳት። ሁሉም ሳቀ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? እኔ ግን ሳቅ አንዴ ከቀመስኩ ማቆም አልችልም፣ ታውቂኛለሽ።

በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አስተየብኩ። «በምግብ ቤት፣ በካፌና በመሳሰሉት ተቀጥረው የሚሠሩ ዝቅተኛ ሠራተኞች የደመወዝ ወለል ከሚያዝያ 1 ቀን ጀምሮ ከሰባት ሺህ ብር እንዳያንስ በጥብቅ እናሳስባለን።» በጥብቅ እናሳስባለን የምትለዋን ከውሃ ይቋረጣል ማስታወቂያ ላይ ነው የወሰድኳት። ሰባትን ለምን እንደመረጥኩ ካልሽ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለበዛ ነው። ከዚያ አንዱን ትልቅ ድንች ለሁለት ሰነጠቅኩና በቢላዬ ጫፍ ክብ ማኅተም ቀረጽኩበት። የስክሪብቶ ቀለም ቀብቼ ስሞክረው ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ ወጣ። ስለዚህ ስመታው ትንሽ ጠመዘዝኩትና አደበዘዝኩት። የመንግሥት ማኅተም መቼ ይነበባል? ጠዋት ማንም ሳይመጣ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

ጋሽ አሥራት አነበቡት። መነጽር አድርገው እንደገና አነበቡት። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንተ» ማለት ቀርቶ «ልጄ» ሆንኩ። እኔ ድንች ጆንያው ጀርባ ተንበርክኬ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

እትዬ ወርቅውሃ ፊደል አልቆጠረችም። አረፋ በእጇ እንደያዘች መጥታ አንብብልኝ አለችኝ። እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላት። ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩ። በሦስተኛው ሰባት ሺህ ስል፣ እጇ እርጥብ ስለነበር ወረቀቱን በክርኗ ነካ አደረገችው። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ዛሬ ትደሰት አልኩ።

ነገ ደግሞ የእረፍቷ ቀን ሆነ።

ልጅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር። ሀሴት ትባላለች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጫንጮ ዘመድ ቤት ነበረች። ሦስተኛ ክፍል ላይ አስቁመዋት ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ የሰው ልጅ ታዝልላቸዋለች። እናትዬው በሦስት ሺህ ብር ማምጣት ስላልቻለች፣ ማታ ማታ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ እየተኛች ቀን ትቆጥር ነበር። ወረቀቱን በሰማች ማግስት ጫንጮ ሄዳ «ከዛሬ ወዲያ ልጄ የማንንም ጀሪካን አትሸከምም!» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ተናግራ ልጇን ይዛ ወጣች። እነሱም በዚህ በር እንዳትመለሱ ብለው ዘጉት። ያጠራቀመችውን አውጥታ ቡራዩ አንዲት ክፍል ተከራየች። ለመስከረም ትምህርት ቤት አስገባታለሁ አለች።

ልጅቷ መጥታ እኔ አጠገብ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ዓይነ አፋር ናት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናቷ ወረቀቱን እንድታነብ አቆመቻት። በጣቷ ፊደል በፊደል እየሄደች «ሰ…ባ…ት…ሺህ» አለች። እትዬ አጨበጨበች፤ ጂቱ እልል አለች። እኔም አጨበጨብኩ። ከጭብጨባዬ ይልቅ አንቺ ብትቆነጥጪኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ አሥራት ነገሩን ለማጣራት ወረዳ ሄዱ። እዚያ ያለው ሰው ወረቀቱን አይቶ የሳቀው ሳቅ ፊታቸው ላይ ተለጥፎ ነው የተመለሱት። ከበሩ ገንጥለው የሐሰት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ገና ወሬ ነው አሉ።  እትዬ ወርቅውሃ ግን አላመነችም፤ መንግሥት የሰጠኝን እርስዎ ሊቀሙኝ ነው አለቻቸው። እሳቸውም ጮኹ። ዘይት ጨመረ፣ ኪራይ ጨመረ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ በርገር የሚጠይቅ የለም፤ «ለእኔስ ማን ወለል ያንጥፍልኝ?» አሉ። አትፍረጂባቸው፣ ድምፃቸው የእውነት ነበር። እሷ ሽርጧን ፈትታ ልከስዎ ነው ስትል፣ እሳቸው ከወጣሽ አትመለሺ አሏት። በአንድ ሳምንት ሁለት በር ሊዘጋባት ሆነ፣ ሁለቱንም የዘጋሁት እኔ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? ሳቁ። ጋሽ አሥራት አንተማ ዝም በል አሉ። ጂቱ ደግሞ «ማሎ፣ እባክህ፣ ቀልድም ሰዓት አለው» ብላ ተቆጣችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ያመኑኝ ሰዎች የአንድ ቀን እውነቴን አላምን አሉ።

ምን ላድርግ? ከባልዲው አንድ ድንች አነሳሁና ሁሉም እያዩኝ ቀረጽኩት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ቀለም ቀብቼ የበርገር መጠቅለያው ወረቀት ላይ መታሁትና ጠመዘዝኩት። ያችው ክብ ወጣች። ከድሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

እትዬ ትጮኻለች፣ በጨርቁ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በመታችኝ! ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ያመንኩት ወረቀቱን አይደለም፤ ማንበብ የት አውቄ። ያመንኩት አንተን ነው» አለችኝ። ሀሴት ከጆንያው ላይ ተነስታ ከእኔ ራቅ ብላ ቆመች።

ጋሽ አሥራት ፖሊስ ሊጠሩ ስልካቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። ከፋሲካ በኋላ ለሁለታችሁ የምከፍለው ስድስት ሺህ አምስት መቶ ነው፣ ከዚያ በላይ ከየት ላምጣ ብለው ግድግዳውን ጠየቁት። ለሁለታችሁ የምትለዋ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ጋሼ፣ ለሁለታችን የሚሉትን ለእሷ ይክፈሏት አልኳቸው፤ ዕቃውንም ድንቹንም እሷ ትሥራው፣ ልጣጩን አሳያታለሁ። እንዳልቀለድኩ ለማወቅ ፊቴን ብዙ ጊዜ አዩት። በመጨረሻ «አንድ ሆድ ይቀንስልኛል» ብለው ተስማሙ።

ሦስት ቀን አስተማርኳት። አንድም ቃል ሳትናገረኝ ተማረች። አሁን ከእኔ ይልቅ ስስ አድርጋ ትልጣለች። ወለሉ ሰባት ሺህ ነበር፣ አምስት መቶ ጎደለው። የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ሰጥቶ የሁለት ሰው ደመወዝ መክፈል ግን የደመወዝ ጭማሪ ይባላል ወይስ የሸክም ጭማሪ? አላውቅም፤ እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አንቺ ካወቅሽ ጻፊልኝ።

ስልኬም ዘይት ውስጥ አልገባም። የሚያዝያ ደመወዝ ግማሹ ፆም ነበር፣ የክፍሏ ኪራይ ደግሞ ፆም አያውቅም። ጂቱ ናት ስልኬን ሸጣ ብሩን ለእትዬ የሰጠቻት፤ ከማን እንደሆነ እንዳትነግራት አስምዬያታለሁ። ጂቱ ስልኩን ስትቀበለኝም ዓይኔን አላየችኝም። ተሳድባ ብትቀበለኝ ደስ ባለኝ። ያለ ስድብ ተለያየን።

እዚህ ሱሉልታ የምሠራው ሕንፃ ላይ ለእማ ያልኳት ሦስተኛ ፎቅ አለ፤ ወለሉ ገና አልተሞላም። ብሎኬት ተሸክሜ እወጣለሁ፣ ባዶ እጄን እወርዳለሁ። ነፋሱ ይገርፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም በየቋንቋው ይጫወታል፤ እኔን ልጁ ይሉኛል። አንድ ቀን የኦቦ ጃራን ቆብ ደብቄ በቦታው ድንጋይ አስቀመጥኩ። ድንጋዩን ገፍተው ቆቡን አገኙትና አጠለቁት። ማን እንደደበቀው እንኳ አልጠየቁም። ሰው ማን ደበቀው ብሎ ሲጠይቅ ደስ የሚለው፣ መልሱን የሚያውቁ ሰዎች አጠገቡ ሲኖሩ ነው ለካ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልደበቅኩም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልብሴን አጥቤ በቡራዩ በኩል አልፌ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። እትዬ ድንች ትልጣለች፤ ሀሴት አጠገቧ ተቀምጣ አንድ የቆየ መጽሐፍ ታነብላታለች፣ በጣቷ እየሄደች። የሆነ ነገር ብላ እናቷን አሳቀቻት። እኔ አልገባሁም። ታክሲ መጣ፣ ተሳፈርኩ።

ያቺን ድንች በኪሴ ይዣታለሁ። እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማድዳለች። ከደብዳቤው ግርጌ መትቼልሻለሁ፣ እማ ክቧን ስታይ መንግሥት ያጸደቀው እድገት ይመስላታል፣ ደስ ይላታል ብዬ።

ቆይ።

እማም ማንበብ አትችልም።

እህት ዓለም፣ ከአቮካዶዋ ሥር ተነሺ። ወረቀቱን ይዘሽ ግቢና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሁሉንም አንብቢላት። ሦስተኛውን ፎቅ፣ ስልኩን፣ ድንቹን፣ አንድም መስመር አትዝለይ። ካለቀሰች አታባብያት። ከሳቀች ደግሞ የቱ ጋ እንደሳቀች ጻፊልኝ፤ እሱን ብቻ እፈልጋለሁ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ የልጆችሽን አፍ ከእኔ አፍ ይለይልሽ፤ የእማን ጉልበት ለመንበርከክም ለመነሣትም ያበርታው። አቮካዶዋንም ባርኬያታለሁ፤ ታፍራ።

የቆነጠጥሽው ክንዱ የሚናፍቅሽ
ታናሽ ወንድምሽ