ለኑላ፦ ስላልጠየቅሁት ይቅርታ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለኑላ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወባው ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ያስቸግርሻል? አብረውሽ ያሉት እህቶችስ? በሽተኞችሽስ? ባለፈው የነገርሽን ዝናብ መጣላችሁ ወይስ ዛምቢያን ረስቶ ሁሉም እኛ ላይ ወረደ? እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም ከዳሌዋ በቀር ደህና ናት። ዳሌሽ እንዴት ነው ስላት «እሱን ተወው፣ አብሮኝ ያረጀ ነው» ትላለች።

በገዳም ስምሽ ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር። ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ያችን መነኩሴ አላውቃትም። ስለዚህ ኑላ ብዬሻለሁ፤ ከከፋሽ የመከፋት መብት አለሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለንደን ነው፤ ወደ ካሜራው ልገባ ፊቴን ዱቄት ሲቀቡኝ። «ይቅርታ አድርጉልኝ በል፤ ሁለት ቃል ነው፤ ለእማዬ ስትል ምን ይከብድሃል» ብለሽኛል። አንብቤ ኪሴ ከተትኩት። ገብቼ ሰው አሳቅሁ። ደብዳቤው ደረቴ ላይ ሲንኮሻኮሽ በማይክሮፎኑ ይሰማል ብዬ ስፈራ ነበር። አልተሰማም። እነሆ መልሱን የምጽፍልሽ ከእማዬ ኩሽና፣ ከጠረጴዛው ላይ ነው። መልሱ አይሆንም የሚል ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ቄሱ በየቤቱ በተራ የሚቀድሱት የቤት ቅዳሴ፣ አንዴ በፀደይ አንዴ በመከር እየሆነ፣ በመንደሩ አሥራ አንድ ቤት ዞሮ ወደ እኛ እስኪመለስ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። እማዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «የሚቀጥለውን ከላይ ሆኜ ነው የማየው» እያለች ለአሁኑ ተራዋ ቤቱን ልትቀባ የክሬም ቀለም ገዝታ፣ ብሩሹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክራ ትጠብቃለች። ቄሳችን አባ ሄፈርናን በጾሙ መካከል መጥተው፣ በአባባ ወንበር ተቀምጠው ያሉትን ለአንቺ ጽፋልሻለች፤ ለእኔ ግን አልጻፈችም። «ልጅሽ በኑዛዜ ላይ የቀለደውን በመንደሩ ሰው ፊት ቆሞ ካልሻረ እዚህ ቤት እግሬን አላስገባም፣ ተራሽም ያልፍሻል።» ይኸው ነው ያሉት። ሻይዋን ግን ጠጡ አሉ።

ያ ቀልድ የት እንደተወለደ የምናውቀው አንቺና እኔ ነን። ቅዳሴው እኛ ቤት የነበረ ዕለት ከደረጃው ሥር ተደብቀን ነበር። ሽማግሌው አባ ኮንሮይ ጆሯቸው ደንቁሮ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ኑዛዜ ይሰማሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እስከ በሩ ተሰልፏል። የእማዬ ተራ ደረሰ። «ስንት ጊዜ ነው ልጄ?» አሏት። በሹክሹክታ መለሰች። «ስንት?» አሁንም በሹክሹክታ። ሦስተኛ ሲጠይቋት ዴሊያ ፋሂ ከሰልፉ መሃል «ሁለቴ ነው አባቴ፣ እኔ የማውቀው» አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በከብቶቹ በረት ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ ተከናንበሽ አባ ኮንሮይን የሆንሽው ማን ነበር? እኔ አይደለሁም። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሆዴን ይዤ ጭድ ላይ እየተንከባለልኩ ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። ግን ሃያ ዓመት የበላሁት እንጀራ ከአንቺ እጅ የወጣ መሆኑን አንዳችን መናገር ነበረብን።

ጋዜጦቹ እግዚአብሔርን ይጠላል ይሉኛል። በእግዚአብሔር ቀልጄ አላውቅም። እሱ አልመታኝም። ስምንተኛውን ትእዛዝ በቃሌ ስል ተሳስቼ መዳፌን በጠፍር የመታኝ ሰው ነው፤ ስሙንም አውቀዋለሁ፤ ሲመታኝም ያለቀስኩት እኔ እንጂ እሱ አልነበረም። የምቀልደው በሰውየው ነው። እሱ ከእግዚአብሔር ጀርባ ከተደበቀ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ስሄድ መርከቡ ድረስ የሸኘሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። ኮቨንትሪ ጡብ ተሸከምኩ። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆረጥኩ። ትኬት ስቆርጥ እንደ ቄስ ነበር የማደርገው፤ «ወዴት ነው ልጄ? እዚያስ ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?» ሰው እየሳቀ መውረጃውን ያልፍ ጀመር። ተባረርኩ። አንድ ቅዳሜ በእኛ ሰዎች መጨፈሪያ አዳራሽ የሙዚቃ ባንዱ ዘገየና ጊዜ እንድሞላ ወደ መድረኩ ገፉኝ። የማውቀው ነገር አልነበረኝም። የኩሽናችንን ኑዛዜ ነገርኳቸው። አራት መቶ ሰው ነበር። ወዲያው ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ አጀማመሯ ለቅሶ ይመስል ነበር። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ያ ሳቅ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁላቸውም ከደረጃ ሥር የወጡ መሰለኝ።

ከዚያ ማንቸስተር፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። ደብሊን ውስጥ አንድ አዳራሽ ውል ፈርሞ በዋዜማው በሩን ዘጋብኝ። ከሊመሪክ አንዲት ሴት በየወሩ መቁጠሪያ ትልክልኛለች፤ አሥራ ዘጠኝ ደርሷል። አንድ ሰው ደግሞ ሲኦልን በእርሳስ ሥሎ የእኔን ቦታ በቀስት አመልክቶ ላከልኝ። ጥሩ እጅ አለው። ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ይህን ሁሉ ስቄ አሳለፍኩት። የእማዬ ብሩሽ ነጭ ጋዝ ውስጥ መቀመጡን ግን ስቄ ላሳልፈው አልቻልኩም።

ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ይቅርታውን ልለው ነበር የመጣሁት። በመርከቡ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። ቅንድቤ ዝቅ አለ፤ ድምፄ በትክክለኛው ቦታ ተሰበረ። ግሩም ነበር። ያስፈራኝም ይኸው ነው። እጁን ሊታጠብ የገባ ሰውዬ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ ማን ሞተብህ?» አለኝ። ወደ መስታወቱ ዞርኩ። ፊቴን አየሁት። ከሥሩ ሌላ ፊት ያለ አልመሰለኝም።

ለእማዬ ነገርኳት። ለዶሮዎቹ ድንች ትፈጭ ነበር። ቀና ሳትል «ያልከው ውሸት ነበር እንዴ?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አይደለም። ሦስቴ ነው የጠየቁኝ።» ለአንቺ ስል እላለሁ አልኳት። «ለእኔ ብለህ? ለእኔ ብለህ ስንት እሁድ ቅዳሴ ነበርኩ እያልክ ወንዝ ዳር ዋልክ። ለእኔ ተብሎ የተዋሸው ይበቃኛል።» ደስ አለኝ፤ ተገላገልኩ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሳህኑን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። «ቅዳሴው ግን እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ ማላኪ። በጣም ነው የምፈልገው።» ሁለቱንም ነገረችኝና፣ በሁለቱ መካከል ትታኝ ዶሮዎቿን ልታበላ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ቅዳሴው ዴሊያ ፋሂ ቤት ነበር። ዴሊያ በሩ ላይ ያዘችኝ። «መጣህ? በቴሌቪዥን ባርኔጣ አደረግህብኝ አይደል? እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ ባርኔጣ ነክቼ አላውቅም።» ዴሊያ፣ እሷ ሌላ ሴት ናት አልኳት። «ሌላ ሴት እንደዚያ አትናገርም። ግባ፤ እግርህን ጥረግ።»

ሰው እስከ ጓዳው ሞልቶ ነበር። ቅዳሴው ሲደረግ ከሳህን መደርደሪያው አጠገብ ቆምኩ። እማዬ ቆረበች፤ አባ ሄፈርናን አልከለከሏትም። መጨረሻ ላይ ትንሿን ደብተራቸውን አወጡ። «ቀጣዩ የወይዘሮ ቱሂ ተራ ነው» አሉ እማዬን እያዩ። «ከዚያ በፊት ግን ማላኪ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል።»

ሁሉም ዞረ። እኔን ለማየት የሚዞር ሰው ለምጃለሁ። አፌን ከፈትኩ። ቅንድቤ ዝቅ ሲል ተሰማኝ፤ በራሱ፣ እኔ ሳላዘው። ያ የመርከቡ ፊት። ይህን ፊት ለእነዚህ ሰዎች፣ ለጎረቤታችን ለማርቲ፣ ለዴሊያ፣ ልሰጣቸው ነው። አመኑኝ ማለት አታለልኳቸው ማለት ነው። ቅንድቤን መለስኩት። ሌላ የተዘጋጀ ነገር አልነበረኝም። «አባ፣ የተናገርኩት ያየሁትን ነው። አልሽረውም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። መድረክ ላይ ቢሆን ከኋላ ያሉት አይሰሙኝም ነበር።

አባ ሄፈርናን ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ሰረዙ። «እንግዲያው ማርቲ ሎሃን፣ ያንተ ቤት ነው።»

ማርቲን ታውቂዋለሽ፤ አጥር ለአጥር ሆነን አርባ ዓመት፣ ከሰላምታ ያለፈ አራት ቃል ተናግሮን አያውቅም። ቆቡን እያገላበጠ አየው። «የእኔ ከእሷ ቀጥሎ ነው አባ» አለ።

«አውቃለሁ። አሁን ግን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ።»

«ከእሷ ቀጥሎ ነው» አለ እንደገና።

ወደ ቶም ራፍተሪ ዞሩ። ቶም ተነሣ። «እኔ ይሄን ሰውዬ አልወደውም» አለ በጣቱ እያመለከተኝ። «በቴሌቪዥን ሲመጣ በጫማዬ ጫፍ ነው የማጠፋው። አባቱ ደህና ሰው ነበር፣ እሱ ግን ምላሱ አጥንት የለውም። ነገር ግን አባ፣ የመውቂያ ማሽኑ የሚዞረው በተራ ነው። ምንጩም በተራ ነው። ዛሬ የቅዳሴውን ተራ ከዘለልን በነሐሴ ማሽኑም ተራ ሲዘልል ማን ያቆመዋል? የእኔ እህል ነው ዝናብ የሚመታው። ተራው የእሷ ነው።»

ቀጣዩንም ጠሩ፤ ቀጣዩ ወለሉን አየ። ከዚያ በኋላ ያለውንም። በመጨረሻ ዴሊያን፣ አንቺ ድገሚው አሏት። ዴሊያ ክንዷን አጣምራ «ይህን ጣሪያ አንድ ጊዜ ቀብቼዋለሁ አባ፤ ሁለተኛ መሰላል ላይ አልወጣም። እንቁላሉ እየቀዘቀዘብዎት ነው» አለች። አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ አሳለው።

«እንግዲያው በዚህ መንደር የቤት ቅዳሴ የለም» አሉና ደብተሩን ዘግተው ቁርስ ወደ ተዘጋጀበት ክፍል ገቡ። ከእሳቸው ጋር የሚበሉ አራት ወንዶች መግባት ነበረባቸው፤ እንደ ደንቡ። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። በሩ ክፍት ነበር፤ ማንኪያቸው እንቁላሉን ሲነካው ይሰማል። ኑላ፣ ከዚህ የበለጠ ቀልድ ሠርቼ አላውቅም፤ አልሠራሁትምም፤ ግን አላሳቀኝም። ብቻቸውን ሲበሉ አንገታቸው ከኋላ ቀጭን ሆኖ ታየኝ።

እናታችን ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ገባች፤ ከጎናቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሻይ ቀዳችላቸው። ሁላችንም እየሰማን «ሰው በሞላበት ቤት ብቻውን አይበላም» አለቻቸው። ቀጥላም «የጥቅምት ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት፣ ቤቴ ነው» አለች። «በሩ ክፍት ይሆናል። ጠረጴዛው ነጭ ለብሶ ይጠብቅዎታል። ልጄም ይኖራል፤ ቤቱ ነው። ካልመጡ እኛው መቁጠሪያችንን እንደግምና እንቁላልዎን እሱ ይበላዋል።» ምን እንደመለሱላት አልሰማሁም። ሻይዋን ግን ጨረሱ።

እንግዲህ ይህ ነው የሆነው። ይመጡ አይመጡ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ቃል የለም። እማዬ እስከ ጥቅምት ትቆይ አትቆይም አላውቅም፤ ይህን ሳስብ እስክርቢቶውን አስቀምጣለሁ። ሃያ ዓመት ደፋር ነህ ሲሉኝ አምኛቸው ኖሬያለሁ፤ ባሕር ተሻግሬ፣ ማንም በማይነካኝ ቦታ። ማርቲ አባ ሄፈርናንን ነገ ጠዋት መንገድ ላይ ያገኛቸዋል፤ ከነገ ወዲያም። አሥራ ሁለት ከብትና አንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ተናገረው። ስለ እሱ ምን ዓይነት ቀልድ እንደምሠራ አላውቅም። ምናልባት አልሠራም።

አንቺ የለመንሽኝ ሁለት ቃል ነበር፤ አልሰጥሽም። ብትቆጪም፣ ስለ እኔ ብትጾሚም አልሰጥሽም። ለለንደኖቹ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት እንደማልገኝ ጽፌላቸዋለሁ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የቤት ሥራ አለብኝ አልኩ። ጣሪያውን የምቀባው እኔ ነኝ፤ በሩን እሷ ትቀባለች፣ እሱን ለማንም አትሰጥም። ጠረጴዛውንም ወደ መስኮቱ የማዞረው እኔ ነኝ። አላምንም ኑላ። ግን ተራው የእኛ ነው።

እማዬ እጅግ ሰላም ትልሻለች፤ መድኃኒትሽን በባዶ ሆድሽ እንዳትወስጂ ብላለች። ማርቲ ቆቡን አነሣልሽ። ዴሊያ ሰላም ብላ፣ ባርኔጣ እንደማታደርግ መስክሪልኝ ብላለች። አንቺም ለአለቃሽ ለእናት ኮሎምባ፣ መርፌ ስትወጋ ትዘፍናለች ላልሽኝ ለሲስተር ጆቪታ፣ ለወጥ ሠሪያችሁ ለእማማ ቻንዳ፣ ሌሊት በሩን ለሚጠብቁላችሁ ለአቶ ምዌላ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ። ወንድምሽ ምን እንደሚሠራ ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው።

ወንድምሽ ማላኪ ቱሂ

ባሊናሮን፣ ሜዮ
ሚያዝያ 29 ቀን 1973