ስለ ጋሊህ ሰርቨርና ስለ ልጅሽ ይቅርታ

ለእህቴ ለሙርያቲ፣

ልጄን ጋሊህን ከአገሩ ያስወጣብኝ ልጅሽ ሄንዳርቶ ነው። ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን መጻፌ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለመጨረሻ ካቆየሁት እንደ ሁልጊዜው ሳልናገረው እንዳልቀር ፈራሁ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባልሽን ካሚዲን ሳሉ ለቀቀው? ላምፑንግ ዝናቡ አባራ? ቁንዶ በርበሬያችሁስ ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ድሮ ጎረቤት ሲጽፍልኝ የተናገርኩት ቁጣ ሁሉ ስኳር ተነስንሶበት ነበር የሚደርስሽ። በስተርጅና በመንደሩ አዳራሽ ከመሰሎቼ ጋር ፊደል ቆጥሬያለሁና፣ መስመሩ ቢጣመምም ቃሉ የእኔው ነው።

እስካሁን የሰማሽው የልጅሽን ወሬ ብቻ ነው። ልጄ ጋሊህ የሠራው ሰርቨር የጤና ጣቢያዎቹንና የባቲክ ጨርቅ አታሚዎቹን ማኅበር ድረ ገጾች የሚያስተናግድ ነበር። ሰው በስልኩ ሲጠይቅ ተቀብሎ የሚመልሰው እሱ ነው። ጋሊህ የወጣትነት ጊዜውን ሁሉ ለብቻው የደከመበት ሥራ ነው። ችግሩ፣ አዲስ ነገር የሚጨመርበት በአንድ አሮጌ የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ መሆኑ ነበር፤ ያንን የሚያውቅ ወጣት ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሄንዳርቶ ከጃካርታ መጥቶ ሸሪክ ሲሆን፣ «ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት በሚማሩት ቋንቋ እንዲቀጠልበት አድርገው፤ በጃቫ ይሁን፣ በፓይተን ይሁን፤ ያኔ አገር ይገባበታል» አለው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጋሊህም ደስ ብሎት ነው የጀመረው። እኔም «እኛ የጃቫ ደሴት ሰዎች የማናውቀው ጃቫ ደግሞ ከየት መጣ?» ብዬ ሁለቱንም አስቄአቸው ነበር። ያኔ እንዲያ አብረው ይስቁ ነበር።

የተጣመመው አሠራሩ ላይ ነው። ጋሊህ እንዳስረዳኝ፣ ሌላው ሰው ጽፎ የሚጨምረው ቅጥያ ፕሮግራም ከሰርቨሩ ውጭ ለብቻው ቢሠራ፣ ሲበላሽ ብቻውን ይወድቃል። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ቢሠራ ይፈጥናል፤ ሲወድቅ ግን ሁሉንም ይዞ ነው። ሄንዳርቶ አገልግሎቱን ለሚገዙት ደንበኞች ፍጥነቱን ማሳየት ስለፈለገ ውስጥ ይሁን አለ። ገዢዎቹ እኔ ቤት ምሳ ሊበሉ የመጡ ቀን ሩዙን እያቀረብኩ ነበር። ጋሊህ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ ጥቂት ቢዘገይ ነው» አለው። ልጅሽ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አክስቴ፣ ይኼ ልጅሽ እኮ ጓዳዋን የምትቆልፍ ባልቴት ሆነብኝ! እንግዳ ጋብዞ ደጅ ላይ ያበላል?» ብሎ ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ። ጋሊህ አንገቱን ደፋ። በእኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን በእንግዳ ፊት እንደማይሞግት ሄንዳርቶ ያውቃል፤ አውቆም ነው ነገሩን በእንግዳ ፊት ያነሣው።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ተለማማጅ የጻፈው ቅጥያ ተበላሸና ሰርቨሩን ይዞት ወደቀ። ሰርቨሩ ላይ የተመዘገበው የጤና ጣቢያዎቹ ወረፋ ጠፋ፤ ነፍሰ ጡሮች ፀሐይ ላይ ቆመው ዋሉ። ሄንዳርቶ ለደንበኞቹ «ጥፋቱ የጋሊህ አሮጌ መሠረት ነው፤ ልጁንም ከሥራው አንሥተነዋል» አላቸው። ጋሊህ በገበያ ሲያልፍ «ሐኪም ቤት የዘጋው መጣ» ይሉት ጀመር። አገሩን ትቶ ሩቅ ደሴት፣ ባታም ሄደ። አሁን እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋል፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በእጁ አይነካም።

አንቺም «ለዒድ ይመጣል፣ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቅሻል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል» ብለሽ ላክሽብኝ። መጣ። ብስኩት በቆርቆሮ ይዞ መጣ። እግሬ ሥር ተንበረከከ፣ ግንባሩንም እጄ ላይ አድርጎ «አክስቴ፣ አውቄም ሳላውቅም ላጠፋሁት ሁሉ ይቅር በይኝ» አለ፤ ሁላችን በየዓመቱ ለሁሉም ሰው እንደምንለው። ቀጥሎ የጋሊህን ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሣ። እኔም እንደ ወጉ ራሱን ዳስሼ «አላህ ይቅር ይበልህ» አልኩት። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ሻዩን እየጠጣ ለጎረቤቶቹ «አለቀ በቃ፣ አክስቴ ይቅር ብላኛለች፤ ጋሊህም ቢሆን ጥፋቱን ያውቃታል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

በማግሥቱ ጋሊህ ደወለ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶት ነበር። «እማዬ፣ ታረቃችሁ አሉ» አለኝ። «ስላንተ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ ልጄ» አልኩት። «ታዲያ ምኑን ነው ይቅር ያልሽው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ ስደውልለትም አያነሣም።

እህቴ፣ ልጅሽን አልረገምኩትም። ብስኩቱንም አልመለስኩበትም። ለእነዚያ ደንበኞችና እኔ ቤት ተቀምጠው ለሰሙት ጎረቤቶች፣ «ጋሊህ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ» ይበል። ይህችን ካለ ልጄ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል። ካላለ ባታም ይቀርብኛል፤ እኔም ዓይኑን ሳላይ እሞታለሁ። እናት ነሽና ይህን ልነግርሽ አይገባም።

ካሚዲን አላህ ያሽርህ በይልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ልጅሽን ዋርሲቲን ከነሕፃኗ ሳሚልኝ፤ የሕፃኑ ጥርስ ወጣ? ለአማትሽ እጅ ነሥቻለሁ። ለሄንዳርቶም ሰላምታዬን አድርሺ፤ የአላህን ሰላምታ አልነፍገውም። ነገር ግን ያጠፋውን በአፉ ሳይናገር ለሚንበረከክ ሰው፣ የእህቴ ልጅም ቢሆን፣ ከእንግዲህ እጄን ራሱ ላይ አላሳርፍም።

ታላቅሽ ሱኪነም
ክላተን፣ በሸዋል ወር አጋማሽ