ብርድ አይደለም

ውድ ፋንትዬ፣

ዶሮሽ ዳነች! ከሰላምታ በፊት ይህን ማለቴን አትታዘቢኝ፤ ከገና ወዲህ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኛል። ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺን ደግሞ በነሐሴ ዝናብ ቀብረንሽ ይኸው አምስት ወር ሊሞላሽ ነው። ግን የእኔን ወሬ መቼ ምን አግዶት ያውቃል?

ስንዱን ማለቴ ነው። ከወለጋ ስትፈናቀሉ በነጠላሽ ጠቅልለሽ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ያደረስሻት፣ ከዚያ ሁሉ ንብረት የቀረችሽ ገብስማ ዶሮ። «መጠለያው ውስጥ ይሰርቁብኛል፣ አንቺ ጋ ትደር» ብለሽ ሰጠሽኝ፤ ስትሞችም አደራሽ እኔው ጋ ቀረ።

ለገና ሳምንት ሲቀረው ገብስ በተንኩላት። አየችውና ፊቷን አዞረች። ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ቀብራ ጥግ ቆመች። እማሆይ አመተ ማርያም በአጥር ብቅ አሉና «ብርድ ነው ልጄ፣ ሌላ ምን ይሆናል! ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ አጉርሻት» አሉኝ። አጎረስኳት። ምንም።

በሦስተኛው ቀን ባለቤትሽ ይሁኔ ከመጠለያው መጣ። ቁጢጥ ብሎ አያትና፣

«እትዬ ፍቅርተ፣ ፈንግል ገብቶባት ይሆናል።»

«ፈንግል ቢሆንማ የሰፈሩ ዶሮ በሙሉ ባለቀ ነበር።»

«እንግዲያው ሞታ ከምትጣል ለገና ትታረድ።»

«አፍህን ዝጋ! የሟች አደራ በወጥ ልትበላ?»

«ልበላ አይደለም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ከፋንቱ የቀረችኝ እሷ ናት። ስትጨነቅ ቆሜ ማየት አልችልም። አንዴ አይቻለሁ።»

ስንዱን አቅፌ ቅርጫቷ ውስጥ አስገባኋት።

በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቷን ስከፍት እጅሽ ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ከማስገባትሽ በፊት ከጉሮሮዋ ሥር፣ እህሉ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ትዳብሺው ነበር። «ሲሞላ ጠግባለች ማለት ነው፤ ሌሊቱን ይፈጫል፣ ጠዋት ባዶ ይሆናል» ያልሽኝን እኔ በአንድ ጆሮዬ ነበር የሰማሁት። ዳበስኳት። ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰች ዶሮ፣ በጠዋት፣ ከረጢቷ ጢም ብሏል! እንደ ጥሬ ድንች ደርቋል። አፏን ስከፍተው የቆየ ሊጥ ይሸታል። ብርድ ከረጢት አይሞላም፤ የሆነ ነገር ውስጧ ተወትፏል አልኩ።

ይሁኔን አስጠራሁት። እሱ እግርና ክንፏን ያዘ፣ እኔ ላባዋን ነቅዬ፣ በጨው ውሃ አጥቤ፣ በተቀቀለ ምላጭ ከረጢቷን የጣት ጫፍ ያህል ቀደድኩት። መጀመሪያ የሸተተ ገብስ ወጣ፤ ቀጥሎ ነጭ ክር። ስስበው ይመጣል፣ ስስበው ይመጣል። የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ እንደ ጨርቅ ኳስ ተጠቅልሎ።

ማን አበላት? እኔው! በኅዳር ውርጩ ሲጀምር፣ ብርድ እንዳይመታት ብዬ አሮጌ ማዳበሪያ ተርትሬ ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ። እሷ ሥራ ፈትታ ስትለቅመው ከርማለች።

በክር ሰፋኋት። ሦስት ቀን ውሃ ብቻ በጠብታ። በገና ጠዋት የራሰ ዳቦ ፊቷ ባደርግላት አንዴ ጠቅ፣ ደግማ ጠቅ! እልልታዬን ሳቀልጠው እማሆይ «ማን ወለደች?» እያሉ ወጡ።

ይሁኔም ለበዓል መጥቶ ነበርና አቀፋት። ስፌቱን በጣቱ እየነካ፣ ቀስ ብሎ፣

«ፋንቱም እኮ በቀኝ በኩል ሆዷ እንዲህ ጠጥሮ ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«በግንቦት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኳት። ‹ፍቅርተ የአገሩ ሰው ናት፣ ብርድ ነው ብላኛለች፤ ስለምደው ይተወኛል› አለችኝ።»

ብዬሻለሁ ፋንትዬ። ስንት ጊዜ አልኩሽ! ከቆላ የመጣ ሰው እዚህ ሲያመው እኛ የምናውቀው ይህችኑ አንድ ቃል ነው። ስትከሺ ብርድ፣ ምግብ ሲዘጋሽ ብርድ፣ ጎንሽን ይዘሽ ስትጎብጪ ብርድ። ፌጦ አጠጣሁሽ። ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ አውርቼ አሳቅሁሽ። ምናልባት ልትነግሪኝ አፍሽን ከፍተሽ ነበር፤ እኔ መች ፋታ ሰጠሁሽና። ጋቢዬን ደረብኩልሽ እንጂ፣ ከጋቢው ሥር አንድ ቀን እንኳ እጄን አላስገባሁም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አንቺ ቶሎ ይቅር ትያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስንዱ ደህና ናት። ማታ ማታ ከረጢቷን ዳብሼ አስገባታለሁ፤ ጠዋትም ዳብሼ አወጣታለሁ። እስክትሞት እንደዚሁ ነው። ደስታዬም የእውነት ነው፣ አልዋሽሽም። ማታ እጄ ላይ ሲሞቀኝ ግን አንቺን የዳበስኩ ይመስለኛል፤ ቶሎ አነሳዋለሁ።

«ብርድ ነው» ያልኩሽ፣
ፍቅርተ