አስራ ሁለተኛው ማበጠሪያ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14
ከልጆቹ ቤት፣ ከልብስ መተኮሻው ክፍል

ለውድ ልጄ፣ ለኔ ቀጮ፣

እንደምን አለሽልኝ? ያ ሆድሽስ? ከእንግዲህ "ቀጮ" ብዬ ስጠራሽ የሰማ ሰው ሳይስቅብኝ አይቀርም፤ በላክሽልኝ ፎቶ ላይ በሩን ሞልተሽ ነው የቆምሽው። ቢሆንም ስምሽን አልቀይርም። ስትወለጂ አዋላጇ በአንድ እጇ ብድግ አድርጋሽ "ይቺ ቀጮ ጩኸቷ የሁለት ሰው ነው" ብላ ያወጣችልሽ ስም ነው። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርምብኛል፣ እኔም መልሼ አጉረመርምበታለሁ፣ እንዲህ እየተባባልን እንኖራለን።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ሦስት መስመር ናት፤ እኔ አሥር ጊዜ ስላነበብኳት ሠላሳ ሆናለች። "ደህና ነኝ፣ ሐኪሟ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ትወልጃለሽ ብላኛለች። የባሌ እናት ስለምትመጣ አትጨነቂ፣ ሥራሽን ሥሪ። ከመውለዴ በፊት ፀጉሬን አሳጥሬ ልቆረጠው ነው፤ በጠዋት ማን ጊዜ አለው?" ትላለች። እዚያች መጨረሻዋ ላይ ስደርስ ፈዝዤ ቀረሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ሁሉ ከእሷ የሚነሳ ስለሆነ ታገሺኝ። ረጅም ነው፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪና አንብቢው።

እዚህ ከመጣሁ ዓመት ከስድስት ወር ሆነኝ አይደል? የመጣሁ ቀን ያልሽኝን አልረሳሁም። "የሰው ልጆች ልታሳድጊ ነው?" አልሽኝ። "ጌታ ጠራኝ" አልኩሽ። ሻንጣዬን መኪናው ላይ ጫንሽና "እሺ" አልሽኝ። ያቺን "እሺ" ይዤ ነው ባሕር የተሻገርኩት፤ ከሻንጣዬ ይልቅ እሷ ከበደችኝ።

ሚሲዮናዊ ሲባል አንቺ ምን እንደሚታይሽ አላውቅም። እኔ ቤተ ክርስቲያናችን ስትልከኝ ብዙ ሕዝብ ፊት ቆሜ ስመሰክር ነበር የታየኝ። እንደደረስኩ የሕፃናት ማሳደጊያው ኃላፊ የሰጠችኝ ግን ሽርጥና መወልወያ ነው። ወንዶቹ ምድር ቤት፣ ሴቶቹ ላይኛው ፎቅ ያድራሉ። ሴቶቹ አስራ አንድ ናቸው፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ፣ ትልቋ አስራ ሁለት። ጠዋት እንጸልያለን፣ ቁርስ እናበላለን፣ የጠፋ ካልሲ እንፈልጋለን፤ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አንሶላ እናጥባለን፤ ሲመለሱ የቤት ሥራ እናሠራለን፣ እንደገና የጠፋ ካልሲ እንፈልጋለን። ከአገልግሎቴ ግማሹ ካልሲ ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

ዓርብ ዓርብ ታሪክ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ቋንቋቸውን እንደ ነገሩ ስለምሞክረው በእጅ በእግሬ እየተወንኩ ነው። አንድ ዓርብ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን በግ ሊፈልግ ሄደ ብዬ ጀመርኩ። አስራ አንዱም "የጠፋሁት እኔ ነኝ!" እያሉ አልጋ ሥር ገቡ። ከመንጋው የምትቀር አንዲት በግ እንኳ ጠፋች። እየተሳብኩ አንድ በአንድ ስፈልጋቸው ኃላፊዋ በሩን ከፍታ እግሬን ብቻ ከአልጋው ሥር ወጥቶ አየችው። ወደቀች ብላ ጮኸች። ሁሉም ተፈላጊ መሆን ነው ያማራቸው፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት ላይ ቅማል ገባብን። በየሳምንቱ የምትመጣው ነርስ ቶንዶሷን ይዛ "ሁሉም ይላጩ፣ በአንድ ቀን እንገላገላለን" አለች። እኔም ልክ ናት ብዬ ፎጣ ይዤ ቆምኩ። ወንዶቹን ከምሳ በፊት ጨረስናቸው፤ እርስ በእርስ ራሳቸውን እያሻሹ ሲስቁ ዋሉ። ሴቶቹ ደረጃው ላይ ተሰለፉ። ከፊት የቆመችው እኔ "ዝምታዬ" እያልኩ የምጠራት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከመጣች ጀምሮ "አዎ" እና "አይ" ከማለት በቀር አፏን ስትከፍት አላየሁም። ነርሷ "ነይ ተቀመጪ" ስትላት አላለቀሰችም። ዞር ዞር ብላ ጥግ ላይ ያለውን መጥረጊያ አየች፣ ሄዳ አመጣችውና ከወንበሩ አጠገብ አስደግፋው ተቀመጠች።

ፎጣው ከእጄ ወደቀ።

ታስታውሻለሽ? ምን እጠይቅሻለሁ፣ የረሳሁ መስዬ የኖርኩትስ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ አባትሽ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። የፋብሪካው ሰርቪስ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ከሩብ ላይ ይመጣል። ሁለቴ አምልጦኝ፣ ሦስተኛ ከደገምሽ ከሥራ ትሰናበቻለሽ ተብያለሁ። ፀጉርሽ ትከሻሽን አልፏል፣ አንቺ ደግሞ ስትበጠሪ ወሬሽ አያልቅም፤ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ መምህርሽ ጫማ፣ ስላየሽው ሕልም። ያን ቀን የጨርቅ መቀሴን አነሳሁና "በጠዋት ማን ጊዜ አለው?" ብዬ ከጆሮሽ በላይ ቆረጥኩት። አላለቀስሽም። ከወንበሩ ወረድሽ፣ መጥረጊያ አመጣሽ፣ ፀጉርሽን ራስሽ ጠረግሽ። "እማ፣ አንቺ ሂጂ፣ ሰርቪሱ ያመልጥሻል" አልሽኝ። ሄድኩ። ሰርቪሱም አላመለጠኝም።

ነርሷን "አይሆንም" አልኳት። "ለምን?" ስትል የማውቀው ቋንቋ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ምን ላድርግ፣ ቶንዶሱን ከሶኬቱ ነቅዬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በስልሳ አንድ ዓመቴ! ኃላፊዋ መጣች፣ "የአስራ አንድ ልጅ ራስ ማን ይችለዋል?" አለችኝ። "ጠዋቱን ለኔ ስጪኝ" አልኳት። ሴትዮዋ ቀልድ አታውቅም፣ ግን ሰው ሲጨንቀው ታውቃለች። ሰጠችኝ።

ቅማሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንዳይዞር ለእያንዳንዷ የራሷ ማበጠሪያ አስፈለጋት። አንድ ደርዘን ማበጠሪያ ተገዛ፣ ልጆቹ የሚወዱትን ቀለም ክር እየመረጡ በየማበጠሪያቸው ላይ አሰሩ። አንዱ ባለቤት አጥቶ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ቅማሉን ለማጥፋት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። በየማለዳው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ፣ እነሱ ተራ በተራ በርጩማዋ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ፣ አበጥራለሁ፣ እጎነጉናለሁ።

እና ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? ልጅ ፀጉሯን ስትበጠር ታወራለች። ፊትሽን ስለማታይ ይሆናል፣ እንጃ። የማን ጫማ ማን እንደደበቀው የምሰማው እዚያ ነው። አንዷ ሁላችን በአንድ ጊዜ ስንጸልይ የእግዚአብሔር ጆሮ አይደክመውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም። ዝምታዬ ሁለት ወር ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ተበጠረች። አንድ ቀን ጠዋት "የድሮ ቤታችን ደረጃ አስራ ስድስት ነው" አለች። በማግስቱ በሩ አረንጓዴ እንደነበር ነገረችኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በሩን ማን ይከፍትላት እንደነበር። ጉንጉኑን ሦስቴ አፍርሼ ጎነጎንኩት።

ያኔ ነው የገባኝ። ፀጉርሽ ካጠረ በኋላ ወሬሽም አጠረ። ስለ ድመቷም ስለ ሕልምሽም ነግረሽኝ አታውቂም። እኔ ግን ልጄ አደገች፣ ጨዋ ሆነች እያልኩ ለጎረቤት እኩራራ ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይቺን ቃል በስልክ አራት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ "ኔትወርኩ አስቸገረኝ" ብዬ ዘግቼብሻለሁ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ሌላም ልናዘዝልሽ። ጌታ ጠርቶኛል፣ በዚያ አልዋሸሁሽም። ግን ጥሪው ሲመጣ ሻንጣዬን እንደዚያ ያጣደፍኩት፣ እዚህ ያለፈውን የሚያውቅብኝ ልጅ ስለሌለም ነው። ለእነዚህ ልጆች ጥሩ ሴት ነኝ። አንቺ ፊት ስቆም ግን መቀስ የያዝኩ ይመስለኛል።

ኃላፊዋ ሁለት ዓመት ጨምሪልን ብላ ቅጽ ሰጥታኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ቆየ። ሐሙስ ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሳ ነው ፖስተኛው ደወል የደወለው። ሦስቱን መስመር ካነበብኩ በኋላ ቅጹን ሳልፈርም መለስኩላት። ፊቷ ጠቆረ፣ ከዚያ "ማን ያበጥራቸዋል?" ብቻ አለችኝ። ትልልቆቹ አራቱ እርስ በእርስ መጎንጎን ተምረዋል፤ ምግብ አብሳይዋም እየሞከረች ነው፣ ለጊዜው የጆንያ አፍ የምታስር ነው የሚመስለው፣ ትለምደዋለች።

ከባዱ ለዝምታዬ መንገር ነበር። ዛሬ ጠዋት እያበጠርኳት ነገርኳት። 

"አያቴ፣ የራስሽ ልጅ አለችሽ?" አለችኝ።

"አለችኝ።"

"ፀጉሯን ማን ያበጥርላታል?"

"ማንም። ትንሽ ልጅ እያለች ቆረጥኩባት።"

"አለቀሰች?"

"አላለቀሰችም። ጠረገችው።"

ከበርጩማዋ ተነሳች። ተቀየመችኝ ብዬ ነበር። መሳቢያውን ከፍታ ባለቤት ያጣውን ማበጠሪያና የክሩን ሣጥን ይዛ መጣች። "የትኛውን ቀለም ትወዳለች?" አለችኝ።

ልጄ፣ አላወቅኩም። ሠላሳ ሁለት ዓመት እናትሽ ሆኜ ቀለም አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። "አላውቅም" አልኳት። ልጅቷ አልፈረደችብኝም። ማበጠሪያውን እንዲሁ ባዶውን እጄ ላይ አስቀመጠችና "ጠይቂያት" አለችኝ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ግማሽ ራሷ ገና ነበር።

ስለዚህ እየጠየቅኩሽ ነው። የትኛውን ትወጃለሽ? ቀይ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቢጫው ሊያልቅ ነው። ቶሎ ጻፊልኝ፣ ትኬቴ ለሚያዝያ 20 ተቆርጧል።

የባልሽ እናትም ትምጣ፣ ሰላም በያት። ሕፃኑን እሷ ትያዘው፣ ታቅፈው፣ ታስተኛው፤ አልቀናም፣ ወይም ትንሽ ነው የምቀናው። እኔ የምመጣው ላንቺ ነው። አንቺ በርጩማ ላይ መቀመጥ ባይመችሽ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እኔ እቆማለሁ። ማውራት ካልፈለግሽ አታውሪ፤ ዝምታዬ ሁለት ወር አስጠብቃኛለች፣ ለምጄዋለሁ።

ፀጉርሽን ብቻ አትቆረጪው። በጠዋት ማን ጊዜ አለው ብለሽኛል። እኔ አለኝ።

የያዝሽውን በሰላም ያገላግልሽ። እጅሽ ከሥራ፣ ቤትሽ ከሳቅ አይጉደል። ያን ዝምተኛ ባልሽንም ጌታ ይባርክልሽ። አስራ አንዱም ሳሚልን ብለውኛል፤ ግንባርሽን አስራ ሁለት ጊዜ ስሜሻለሁ።

ሰርቪስ የማይጠብቃት
እናትሽ