የጠቆረው ናና

መጋቢት 24
ናናው ዛሬም ጠቁሯል። ጣልኩት።

አማቴ ከገበያ ያመጣሁትን ቅጠል ሁሉ ያጥባሉ፤ ከነውሃው በፌስታል ይቋጥራሉ፤ ፍሪጁ ጥግ፣ በረዶው ላይ ይለጥፉታል። ቅጠል እንዲህ ይያዛል? ነገርኳቸው... ናናው ሳይታጠብ በደረቅ ጨርቅ ይጠቅለል። ድንብላሉ እንደ አበባ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይቁም። በሶብላ ብርድ አይወድም፣ ውጭ ይደር።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ናና ቀጥፌያለሁ» አሉኝ።

ታዲያ ለምን ይጠቁራል?

መጋቢት 26
በሶብላውን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ወጣሁ። ስመለስ ፍሪጅ ውስጥ ገብቷል። ከነውሃው! ባሌ ሴንግዳኦ ደግሞ፣ «ተይ ባክሽ፣ በቅጠል ትጣያለሽ?» ይለኛል። በቅጠል! በዚህ ሐሩር ገበያ የሚሄደው እሱ ነው?

መጋቢት 29
እንስላሉ ውሃ ሆኗል። ምን ልበል...

ሚያዝያ 1
ያንን የበሰበሰ እንስላል ዓሣው ሾርባ ውስጥ ጨመሩት። ሴንግዳኦ አንድ ማንኪያ ቀምሶ አስቀመጠ። ወደ ሩዙ ዞረ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ሸቷል!»

ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ረጅም ጊዜ። «የታለ? ምንም አይልም።»

እልህ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ሳልበላ ተነሣሁ።

ሚያዝያ 3
ጠዋት ማድቤት ስገባ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ናና በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ደገሙት። ከዚያ የፓዴኩን ማሰሮ ከፈቱ፤ የተብላላው ዓሣ ሽታ እኔን በሩ ላይ አስነጠሰኝ። እሳቸው ፊታቸውን ማሰሮው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸው... ማስነጠስ የለ፣ ምንም።

«እማማ... ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ደነገጡ። ክዳኑን መለሱ። «ከዚያ ከከረመብኝ ጉንፋን ወዲህ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? የዚህ ሰፈር ሰው የአዲስ ዓመት ላፕ ከኔ እጅ ነው የሚበላው። አፍንጫዋ ሞቷል ካላችሁ ማን ይቀምሰዋል?» ናናውን ጨበጡት። «እርጥብ ሲሆን ትኩስ ይመስለኛል። አሁን በእጄ ብቻ ነው የምለየው።»

ለዚያ ነው ለካ ውሃው።

«ለልጄ እንዳትነግሪ፣ ማኒ።»

ሚያዝያ 4
አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። በማን? እንጃ። ዛሬ ድንብላሉን አጥበው ሲቋጥሩ ያዝኳቸው። «ልማድ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩ። ከዚያ አንድ ጨርቅ ዘርግተን አብረን አደረቅነው፣ እየተነጫነጭን።

ሚያዝያ 7
አዲስ ዓመት፣ ውሃ የምንረጫጭበት በዓላችን። በረንዳው ሞልቷል፤ ከመንገድ የሚረጩት ውሃ ማድቤት ድረስ ገባ። እማማ የላፑን ሥጋ ከትፈው ከቅጠሉ ጋር ለውሰው ሲጨርሱ በጥቅሻ ጠሩኝ። ስንት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር ከድስታቸው አስቀምሰውኝ አያውቁም።

«ቅመሺ።»

«ናና ያንሰዋል። አንድ እፍኝ።»

«እፍኝ! ላፕ ነው የላም መኖ?»

«እማማ፣ ያንሰዋል አልኩ።»

አፈጠጡብኝ። ጨመሩት።

ቀረበ፣ ተበላ። ጎረቤታችን እትዬ ቡንሚ ጣታቸውን እየላሱ ለአማቴ፣ «ካምላ፣ እጅሽን ይባርከው! ዘንድሮ ደግሞ ባሰብሽ!» አሉ።

እማማ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እጁ የኔ ነው። አፍንጫው የሷ ነው፤ የኔው ከሞተ ቆይቷል።»

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ፤ ቀልድ መስሏቸው። ሴንግዳኦም ሳቀ። ከዚያ እናቱን አየ፣ እኔን አየ... ሳቁን አቆመ።

«ምን ያፈዝሃል? ብላ እንጂ!» አሉት፤ እየጎረሱ።